የአቢሊዮ ቁልፍ ቤት

ፖርቶ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ዶውሮ ወንዝ ሳይደርስ፣
አንድ ሱቅ አለ፣ ጣራው በዝናብ የሚርስ።
ቁልፍ ቤት ነው። የበር አይደለም፣ የልብስ፤
የቀንድ፣ የዛጎል፣ የነሐስ፣ የእንጨት፣
ለሸሚዝ፣ ለካፖርት፣ ለሕፃን ቀሚስ አንገት።

ስስታም ነው ቋንቋዬ፤ በር የሚከፍተውን፣ ደረት የሚዘጋውን፣
ፈላጊን ካሻው የሚያደርሰውን ቃልም
ሁሉን ቁልፍ ብሎታል። ዛሬ አላማርረውም።

መሳቢያው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤
በየግንባሩ የተሰፋው ቁልፍ ነው ሆዱን የሚናገረው።
ዙልሚራ ሁሉን በቃሏ ታውቃለች፤ የሚጠይቃት ግን የለም።
የበሩ ደወል እስከ ምሳ ሁለቴ ቢጮህ ነው፤
አንዱ ፖስተኛ፣ አንዱ ንፋስ ነው።

ከወንዙ ማዶ ታርሲዚዮ መጋዘን ከፍቷል፤
ዕቃው ፕላስቲክ፣ ጭነቱ ግን ሌሊትም አያቆም።

"የኔ ዛጎል ከሱ ፕላስቲክ በምን አነሰ?" አለች።
የእህቷ ልጅ ኢሪያ፣ ጨርቅ በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፈተች።
"አክስቴ፣ ዛጎልሽ ጋ ማን ደረሰ?
ዛሬ ሰው በበር አይገባም፣ በቃል ነው የሚገባው።
እስቲ እሱ ዘንድ የሚገቡበትን ቃል እንየው።"

"የሰው ጓዳ ማየት ነውር ነው።"
"ጓዳውን ማን አየ? ዱካው ደጁ ላይ ነው።"

ሦስት ማታ ቆጠሩ፤ ቃል በግራ፣ ቁጥር በቀኝ።
የሙሽራ ቀሚስ ቁልፍ፦ በወር ሺህ ሁለት መቶ ሰው።
ዙልሚራ ዓይኗ በራ። "ይህን ነበር የምመኝ!"
"ተይው፤ እዚያ ባለገንዘብ ይጋፋል፣ ትረገጫለሽ።"
ቁልፍ በጅምላ፦ "እሱ የሱ ነው፤ ጅምላ ከየት አለሽ?"
ከዚያ ከግርጌ፣ ማንም ያልጠረገው ጥግ ላይ፦
ባንድ እጅ ቁልፍ እንዴት ይቆለፋል። ሠላሳ ሰው።
ታርሲዚዮ መልስ ብሎ የሰጣቸው የደርዘን ዋጋ ነው።

"ሠላሳ?" አለች ዙልሚራ።
"በወር።"
መነጽሯን አወለቀች።
አቢሊዮን በመጨረሻው ዓመት ቀኝ እጁ ከድቶት ነበር፤
ጠዋት ጠዋት ከሸሚዙ ጋር ሲታገል ኩሽና ቆማ ትሰማዋለች፤
ገብታ ልትረዳው ትፈራለች፣ ኩሩ ነበራ።
አንድ ሌሊት ሸሚዞቹን ሁሉ ፈታች፣
ቁልፉን ከላይ ለወግ ሰፍታ፣ ከሥሩ ማግኔት ደበቀች።
እሱ ማግስቱን ምንም አላለ። ብቻ ቶሎ ለብሶ ወጣ።

"ጻፊ" አለች፣ "ይህን እኔ አውቀዋለሁ።"

ኢሪያ ጻፈች፤ "ቃሉን አምስት ጊዜ እንድገመው" ብትላት፣
"አንዴ የጠራኝን እሰማለሁ" አለቻት።

ዝርዝሩ ግን አላለቀም። ወረድ ሲሉ፦
አቢሊዮ ቁልፍ ቤት። ዘጠና ሰው።
ከጎኑ የታርሲዚዮ ስም። ቃሉን በገንዘብ ገዝቶታል፤
አቢሊዮን ብሎ የተነሣ ሁሉ ሳያውቀው ወንዙን ይሻገራል፣
መጋዘኑ ደጃፍ ይወርዳል።

ኢሪያ ተሳደበች፣ በፖርቶ አፍ፣ የማይጻፍ ስድብ።
ዙልሚራ ዝም።
ጣቷ ስክሪኑ ላይ፣ ቁጥሩ ላይ።
"ዘጠና ሰው" አለች ቆይታ፣
"አራት ዓመት ሙሉ ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ መስሎኝ።"

ዝናቡ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ።
"እሱስ?" አለች፣ "እንዲህ አድርጎ የኛን ቃል ያያል?"
"በየሳምንቱ።"
"እንግዲያው ይህንንም ጻፊ፦
ታርሲዚዮ፣ በአቢሊዮ ቀብር ለብሰኸው የመጣኸው ካፖርት
ሦስተኛው ቁልፉ ባንድ ክር ነው የተንጠለጠለው።
መሳቢያ ሁለት መቶ ዘጠኝ ውስጥ ጓደኛው አለ። ና።"

"ይህን የሚፈልግ እኮ የለም፣ አክስቴ፤ በወር ዜሮ ሰው።"
"ይሁን" አለች። "አንድ ሰው ያየዋል።"